ከይሖዋ ምስክሮች ወጥቶ ቤተሰብ ፊት ለነሳው ሰው «ሪከቨሪንግ ፍሮም ሪሊጅን» ምን ያህል ይጠቅማል?

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጥ። ሪከቨሪንግ ፍሮም ሪሊጅን የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ሦስት ዋና አገልግሎት አለው፦ የስልክና የቻት መስመር፣ የቴራፒስቶች ዝርዝር እና የድጋፍ ቡድኖች። ከሦስቱ የሚበልጠው የቴራፒስቶቹ ዝርዝር ነው። የስልክ መስመሩ ተዘጋጅቶ ለሚደውል ጥሩ ነው፤ ሳይዘጋጅ የሚደውል ግን ባዶ እጁን የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የድጋፍ ቡድኖቹ ጥራት እንደገቡበት ቡድን ይለያያል። ከዚህ ውጪ ማንም አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ነገሩ በአብዛኛው የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ያዳምጣል፣ ያገናኛል፣ አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ ቤት አይሰጥም፣ ገንዘብ አይሰጥም፣ ጠበቃም አያቆምም።

ድርጅቱን በ2009 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ዳረል ሬይ የተባለ ሳይኮሎጂስት ነው። «ሴኩላር ቴራፒ ፕሮጀክት» የሚባለው የቴራፒስቶች ዝርዝር በ2012 መጣ፤ የስልክ መስመሩ ደግሞ በ2015። ስልኩን የሚያነሱት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው እንጂ ሐኪሞች አይደሉም። ደዋዩን ከእምነት ማስወጣት ሥራቸው አይደለም፤ «ተመለስ» ማለትም እንዲሁ። ለዓመታት የሰውን በር ሲያንኳኳ ለኖረ አስፋፊ (ሰባኪ ምስክር)፣ የማይሰብከው ሰው ማግኘቱ ብቻ ትልቅ እረፍት ነው።

አገልግሎቱን ለመመዘን መገለሉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የተጠመቀ የይሖዋ ምስክር ከጉባኤ ሲወገድ ወይም በራሱ ፈቃድ ሲለቅ፣ በመንግሥት አዳራሹ (ምስክሮቹ በሚሰበሰቡበት ቤት) በሳምንቱ መሃል ስብሰባ ላይ አንዲት አጭር ማስታወቂያ ትነበባለች፦ እገሌ ከእንግዲህ የይሖዋ ምስክር አይደለም። ምክንያቱ አይነገርም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጓደኛ፣ የአገልግሎት ባልደረባ፣ ብዙ ጊዜም ወንድምና እህት ስልክ ማንሳት ያቆማሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖር ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደቀጠለ ይቆጠራል፤ ለብቻው የሚኖር ዘመድ ግን ከግድ የቤተሰብ ጉዳይ በቀር ግንኙነት እንዳያደርግ ይመከራል። በራሱ ፈቃድ የለቀቀውም እንደተወገደው እንዲቆጠር የተደረገው በ1981 ነው። በ2024 ትንሽ ለዘብ ብሏል፦ የተወገደ ሰው ወደ ስብሰባ ከመጣ አጭር ሰላምታ መስጠት ወይም ወደ ስብሰባ መጋበዝ ይቻላል። «ከሃዲ» የተባለ ሰው ግን ይህም አልተፈቀደለትም።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። አብዛኛው ሰው ምስክር ሲሆን ከኦርቶዶክስ ወይም ከጴንጤ ዘመዶቹ ጋር አንድ ጊዜ ተቆራርጧል። ክርስትና አልሄደም፣ ተዝካር አልቀመሰም፣ ልደት አላከበረም፣ የገና ግብዣ ሲመጣ ሰበብ ፈልጓል። ጉባኤው ያንን ክፍተት ሁሉ ሞልቶለት ነበር። አሁን ጉባኤው ሲዘጋበት በዚህም በዚያም ሰው የለውም። የሪከቨሪንግ ፍሮም ሪሊጅን ፈቃደኛ ይህን በራሱ አያውቀውም፤ ደዋዩ ካልነገረው በቀር አሜሪካዊ ወጣት ከእናቱ ጋር የተጣላ ያህል አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

ከመደወል በፊት የሚሠራው ሥራ ከጥሪው ይበልጣል። የመጀመሪያው ስልኩ ራሱ ነው። የስልክ መስመራችሁ በአባት ወይም በባል ፌሚሊ ፕላን ውስጥ ከሆነ፣ የተደወለበት ቁጥርና የፈጀው ደቂቃ ለአካውንቱ ባለቤት ሊታይ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ቻት፣ በብራውዘር የግል መስኮት፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሥራ ቦታ ዋይፋይ ተጠቀሙ። ከቤተሰብ ጋር የጋራ የሆነ የፎቶ ወይም የኢሜይል አካውንት ካለ አስቀድማችሁ ለዩ፤ አዲስ ኢሜይል ክፈቱና ለዚህ ጉዳይ ብቻ አውሉት። እውነተኛ ስም መስጠት ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ፋይል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ካርድ፤ ዋናዎቹ በእጃችሁ ይሁኑ፣ ቅጂያቸው ደግሞ ቤተሰብ የማይገባበት ቦታ ይቀመጥ። የምትኖሩበት ቤት ሊዝ በማን ስም እንደሆነ እወቁ። የሥራ ጉዳይም አለ፦ በፅዳት ድርጅት፣ በታክሲ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ አሠሪው የጉባኤ ወንድም የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ ማስታወቂያው ከተነበበ በኋላ ያ ሥራ እንደነበረ ይቀጥላል ብሎ ማሰብ አደጋ አለው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚረሳው ነው፤ ደም እንዳይሰጠኝ የሚለው የሕክምና ካርድ። በአሜሪካ ይህ ካርድ ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰነድ ነው። በሽተኛው ራሱን ከሳተ በእርሱ ቦታ የሚወስን ተወካይ ተሰይሞበታል፤ ተወካዩም አብዛኛውን ጊዜ የጉባኤ ሰው ነው። ካርዱን ከቦርሳ አውጥቶ መቅደድ ብቻ አይበቃም። ውክልናውን መሻራችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ ቀንና ፊርማ ይኑርበት፤ ቅጂውን ለቤተሰብ ሐኪማችሁ፣ ከዚህ በፊት ታክማችሁ ለምታውቁበት ሆስፒታልና ለቀድሞው ተወካይ ስጡ፤ ከዚያም የምታምኑትን ሌላ ሰው ሰይሙ። እርጉዝ ሴትና ኦፕሬሽን የሚጠብቅ ሰው ይህን ለነገ ማለት የለባቸውም።

አሁን ወደ መስመሩ። ፈቃደኛው መጀመሪያ ምን እንዳስደወላችሁ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ የሚነበብ ወይም የሚደወልበት ነገር ይልካል። ብዙ ጥሪ የሚበላሸው ደዋዩ በትምህርተ ሃይማኖት ሲጀምር ነው። ስለ 1914፣ ስለ 144,000 ወይም ስለ በላይ አካሉ (የምስክሮቹ ከፍተኛ አመራር) ሃያ ደቂቃ ካወራችሁ፣ ፈቃደኛው በትህትና እየሰማችሁ ሰዓቱ ያልቃል፤ በሌሊት እንቅልፍ የነሳችሁ ጉዳይ ግን አይነሳም። ከመደወላችሁ በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁና ከየት እንደወጣችሁ፤ አሁን ማን እንደማያናግራችሁ፤ ዛሬ የምትፈልጉት አንድ ነገር ምን እንደሆነ። «እናቴ ከመጋቢት ጀምሮ ስልኬን አታነሳም፤ በአካባቢዬ ቴራፒስት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ይዞ ይወጣል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው ቻቱን ቢመርጥ ይሻላል፤ የትርጉም መተግበሪያ ጎን ለጎን ከፍቶ በእርጋታ መጻፍ ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከኒውዮርክ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት እንደሚቀድም ያስብ፤ የእኛ ጠዋት የእነርሱ እኩለ ሌሊት ነው።

መስመሩ የአደጋ ጊዜ ስልክ አይደለም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ በአሜሪካ የሚደወለው 988 ነው፤ እዚያ በስልክ አስተርጓሚ ማግኘት ስለሚቻል፣ «አምሃሪክ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በቤት ውስጥ ዱላ ካለ 911 ነው። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ማስታወቂያው ከተነበበ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ሰው ያደገበትን ዓለም ሁሉ በአንድ ምሽት ያጣል፣ አርማጌዶን ነገ ቢመጣስ የሚለው ፍርሃትም ከአእምሮው ቶሎ አይወጣም።

ደዋዮች አጥብቀው የሚጠይቁት ፈቃደኛው ግን የማይመልሰው ጥያቄ አለ፦ የመልቀቂያ ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ ዝም ብዬ ልራቅ? ለደዋዩ አይወስኑም፤ በዚህም ትክክል ናቸው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዘርዝሮ የሚያስረዳ ፈቃደኛ ማግኘት እንደ ዕድል ስለሆነ፣ ይህ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ነው እላለሁ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ጉባኤውን ለሚመሩት ሽማግሌዎች ከደረሰ ማስታወቂያው ይነበባል፤ ውጤቱም እንደ ውገዳ ነው። ነገ ተጸጽቶ «ደብዳቤዬን መልሱልኝ» ማለት አይቻልም፤ መመለስ የሚፈልግ ሰው ጥያቄ አቅርቦ ሽማግሌዎቹ እስኪወስኑ መጠበቅ አለበት። ዝም ብሎ የራቀ ግን ስድስት ወር የስብከት አገልግሎት ሪፖርት ካላደረገ የቀዘቀዘ አስፋፊ ይባላል እንጂ ማስታወቂያ አይነበብበትም። እናት ልጇን መጥራት፣ ልጅም ቡና ሊጠጣ መሄድ ይችላል።

ዝምታውም ዋጋ አለው። ሽማግሌዎች ለእረኝነት ጉብኝት ይመጣሉ፤ በመሃል «አሁንም የበላይ አካሉ የይሖዋ መገናኛ መሆኑን ታምናለህ?» የሚል ጥያቄ ይወረወራል። በዚያ ቦታ መከራከር የጀመረ ሰው በሦስት ሽማግሌዎች ኮሚቴ ፊት የመቅረብ መንገድ እየከፈተ ነው። አጭር መልስ ይሻላል፦ «ስለ አሳቢነታችሁ አመሰግናለሁ፤ አሁን ስለዚህ ለመነጋገር ዝግጁ አይደለሁም።» ይህችኑ መደጋገም ነው። ለእህት ወይም ለወንድም በቴሌግራም የእምነት ክርክር መጻፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ስክሪንሾቱ ሽማግሌዎች እጅ ይገባል፤ የላከችው እህት ደግሞ ይህን የምታደርገው በክፋት አይደለም፣ ነፍሱን የማዳን ግዴታ አለብኝ ብላ ነው። ኮሚቴ ላይ ያለመገኘት መብት ነው፤ ውሳኔው ግን በሌሉበትም ሊሰጥ ይችላል። ይግባኝ የሚባለው በሰባት ቀን ውስጥ ነው።

ፍርድ ቤት ያስታርቀኛል ብሎ ገንዘብ ማውጣትም አይመከርም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 አንድ የተወገደ ሰው ያቀረበውን አቤቱታ ሲመለከት፣ የጉባኤ አባልነት ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚገባበት አይደለም ብሏል። በቤልጂየም የጌንት ፍርድ ቤት በ2021 በድርጅቱ ላይ 96,000 ዩሮ ቅጣት ወስኖ ነበር፤ በይግባኝ ተሽሯል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ለልጅ አስተዳደግ፣ ለንብረትና ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው።

የቴራፒስቶቹ ዝርዝር እንዲህ ይሠራል። በኢሜይል ይመዘገባሉ፣ የሚኖሩበትን ስቴት ይመርጣሉ፣ የወጡትን ቴራፒስቶች መግለጫ ያነባሉ፣ በዚያው በሲስተሙ ውስጥ መልእክት ይልካሉ። ለተገልጋይ ምዝገባው ነፃ ነው። ዝርዝሩ እንደ ማውጫ ለሁሉም ክፍት ያልሆነው፣ ሃይማኖተኛ በሆነ አካባቢ የሚሠራ ቴራፒስት ስሙ በአደባባይ ቢወጣ ደንበኛ ሊሸሸው ስለሚችል ነው። ለዝርዝሩ የሚያመለክት ባለሙያ ፈቃዱ ይታያል፣ በጥናት የተደገፈ ዘዴ መጠቀሙ ይጠየቃል፣ ሃይማኖትን ከሕክምናው ጋር እንደማይቀላቅል ይጣራል። የማይጣራው ግን ስለ ይሖዋ ምስክሮች ማወቁ ነው። ያንን መጠየቅ የተገልጋዩ ሥራ ነው።

በመጀመሪያው የትውውቅ ጥሪ ላይ ይህን ጠይቁ፦ ቤተሰባቸው ካገለላቸው ሰዎች ጋር ሠርተዋል? መገለል ከተራ የቤተሰብ ጠብ በምን ይለያል ብለው ያምናሉ? መልሱ «ከእናትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እናትየው መነጋገር አልፈለገችም ማለት አይደለም፤ ብትነጋገር ይሖዋን የበደለች ይመስላታል። ጎበዝ ቴራፒስት ይህንን እንደ ሐዘን ይይዘዋል፤ ሟች የሌለበት፣ ልቅሶ የማይቀመጡለት፣ ጎረቤት እንጀራና ቡና ይዞ የማይመጣበት ሐዘን ነው። በእኛ ባህል ሐዘን ሰው ሲሞላ ነው የሚቀለው፤ ይህኛው ግን ሰው ራሱ የሄደበት ነው። ሌላው የሚያጋጥመው ጉድለት ተገልጋዩ አሁንም እየጸለየ ሳለ እምነትን ሁሉ እንደ በሽታ የሚያይ ባለሙያ ነው። ድርጅቱ ይህን አይደግፍም፤ ግን ያጋጥማል፤ ካጋጠመ ሳይሳቀቁ ባለሙያ መቀየር ነው።

ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮች ብዙ ሰው ያሰናክላሉ። በአሜሪካ ቴራፒስት ፈቃድ የሚያገኘው በየስቴቱ ነው፤ ቪዲዮም ቢሆን ተገልጋዩ በተቀመጠበት ስቴት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ሜሪላንድ ያለውን ከመምረጡ በፊት ይጠይቅ። ሁለተኛው ክፍያ ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው በትልልቅ ከተሞች አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፣ ከ100 እስከ 200 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ዝርዝሩ ላይ «ኢንሹራንስ ይቀበላል» ቢልም በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሎ የእናንተን ፕላን መቀበሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በኮፔይ (ከኪስ በሚከፈለው ትንሽ ድርሻ) ፈንታ ሙሉ ቢል ይመጣል። እንደ ገቢ የሚቀንስ ክፍያ ካላቸው በግልጽ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ የተለመደ ጥያቄ ነው። ከኔትዎርክ ውጪ ከሆነ ደግሞ ለኢንሹራንስ የሚቀርብ ሱፐርቢል፣ ማለትም ዝርዝር ደረሰኝ፣ እንዲሰጧችሁ አድርጉ። ከአሜሪካ ውጪ ዝርዝሩ ሳሳ ያለ ነው። በብሪታንያ ያለ ሰው የሂዩማኒስትስ ዩኬ አካል የሆነውን «ፌዝ ቱ ፌዝለስ» ቢሞክር ይሻለዋል።

በአማርኛ መናገር ለሚፈልግ ይህ ዝርዝር አይበቃውም። የ«ሳይኮሎጂ ቱዴይ» ማውጫ በቋንቋ ማጣሪያው አማርኛ አለው፤ እዚያ የሚገኙት ብዙ አይደሉም፣ አንዳንዶቹም በግልጽ በክርስትና መንገድ የሚሠሩ ናቸው። እግዚአብሔርን ሳይሆን ጉባኤውን የተወ ሰው ይህ ሊስማማው ይችላል። ማኅበረሰባችን ትንሽ ስለሆነ ግን አስቀድማችሁ «የይሖዋ ምስክሮች ጉባኤ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ የሕግ ግዴታ አለበት፤ ቢሆንም መጠባበቂያ ክፍል ውስጥ ከአክስት ጋር መገናኘት የሕግ ጉዳይ አይደለም። አስተርጓሚ ካስፈለገ ዘመድ አታስገቡ፤ በአማርኛ ጉባኤ ውስጥ በአስተርጓሚነት ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ስላሉ፣ የሌላ ከተማ የስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ የተሻለ ነው።

ስለ ቡድኖቹ የምለው አጭር ነው። በቪዲዮ ይሰበሰባሉ፣ ለማዳመጥ ብቻ መግባትም ይቻላል። ከሞርሞን፣ ከወንጌላውያን፣ ከእስልምና የወጡ ሰዎች አንድ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ የምስክሮቹ ጉዳይ ተለይቶ ላይወራ ይችላል። ካሜራ አጥፍቶ፣ ስም ቀይሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ መወሰን ነው። ድርጅቱ የራሱ የተዘጋ የኦንላይን ማኅበረሰብም አለው፤ ከመግባት በፊት ማጣሪያ ያደርጋሉ፣ ይህም ሽማግሌ በሐሰት ስም እንዳይገባ ለሚሰጋ ሰው ይጠቅማል።

ጉድለቱን ለመረዳት ሌሎችን ማየት ይበቃል። በእስራኤል ከሃረዲ (እጅግ አጥባቂ አይሁድ) ማኅበረሰብ ለሚወጡ የተቋቋመው ሂለል ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሶሻል ወርከር፣ የሽግግር መኖሪያና የትምህርት ድጋፍ ያቀርባል። በኒውዮርክ ለተመሳሳይ ሰዎች ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ፉትስቴፕስ የትምህርትና የሥራ ምክር አለው፣ የልጅ ማሳደግ ክርክር ላለባቸውም ድጋፍ ይሰጣል። ከይሖዋ ምስክሮች የወጣ ሰው እንዲህ ያለ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ አገልግሎት ሪከቨሪንግ ፍሮም ሪሊጅን ጋር አያገኝም። የ18 ዓመት ልጅ ከቤት ውጣ ተብሎ ቢደውል የመጠለያ ስልክ ይነገረዋል እንጂ አልጋ አይገኝለትም። በአሜሪካ 211 መደወል ያን ሥራ በፍጥነት ይሠራል።

ሌላው የማይሸፍኑት የዘመድ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ እኛ ከአሜሪካኖቹ የተሻለ ነገር አለን። «ጆቫ ሆነ» ተብሎ የተተወው አጎት፣ ክርስትና የጠራችውና ያልተሄደላት የአክስት ልጅ፣ አብዛኞቹ ቂም አልያዙም። ለፋሲካ ወይም ለልቅሶ መሄድ ብቻ ይበቃል፤ ለምን እንደወጡ ማስረዳት አያስፈልግም። እድርም እንዲሁ። በዲያስፖራ ያሉ ብዙ እድሮች የሃይማኖት ጥያቄ የማያነሱ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙም ስላሉ ደንቡን ጠይቁ። አዲስ አባል ከተመዘገበ በኋላ የሚጠብቀው የወራት ጊዜ ስለሚኖር፣ ማስታወቂያው ከመነበቡ በፊት መመዝገቡ ይመረጣል፤ መዋጮው በማን ስም እንደሚከፈልና የቅርብ ተጠሪ ተብሎ ማን እንደሚጻፍ ግን ቅጹ ላይ በራሳችሁ እጅ ሙሉት።